የዶን ኤሊሂዮ መስኮት

«ውጪ» አሉ ዶን ኤሊሂዮ።

ዊልኪን የቤዝቦል ወርዋሪ የሚቆምበት ጉብታ ላይ ደርቆ ቀረ። ኳሷ መሬት ላይ በተነጠፈው ነጭ ሰሌዳ ጠርዝ በላይ ነው ያለፈችው፤ በዓይኑ አይቷታል። ያዢው ራዳሜስም ቁጢጥ እንዳለ ተቀብሏት፣ ጓንቱን ቀስ አድርጎ ወደ መሃል ጎተት አደረገና «እዚህ ነበረች እኮ» የሚል ይመስል ይዟት ቆየ። ዳኛው ዶን ኤሊሂዮ ግን እጃቸውን አላነሱም። አራተኛዋ ውጪ ነበረች። አራት ውጪ ከተቆጠረ ደግሞ መቺው ምንም ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነፃ ይሄዳል። ከሱ በፊት የነበሩት ሦስቱም እንዲሁ በነፃ ሄደው ቤዞቹን ሞልተዋቸው ስለነበር፣ ሦስተኛው ላይ የቆመው ልጅ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለ፣ እየሳቀ ገባ። ነጥብ ሆነች።

የወደቡ ልጆች ሁለት፣ የስኳር ፋብሪካው ሰፈር ልጆች አንድ። ከሰባቱ ዙር ገና ሦስተኛው ነው።

ዊልኪን ሁለት እጁን ዘርግቶ ዳኛውን አያቸው።

ይህን ማድረግ አልነበረበትም። ተመልካች ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ዳኛውን የፈለገውን ቢል ማንም አይቀየምበትም፤ ዳኛው ራሳቸው ይስቃሉ። ጉብታው ላይ የቆመ ልጅ ግን በሰው ፊት እጁን ከዘረጋ፣ አባቱ የሚሆኑ ሰውዬን ውሸታም አለ ማለት ነው። ዶን ኤሊሂዮ ከኋላ ኪሳቸው ብሩሽ አወጡና አቧራ የሌለበትን ሰሌዳ ረጋ ብለው ጠረጉት። ቀጥላ የመጣችው ኳስ ከፊተኛዋ የተሻለች ነበረች።

«ውጪ» አሉ።

«ዶን ኤሊሂዮ፣ መነጽርዎን ፀጉር ቤት ረሱት እንዴ?» አለ አንዱ ከአጥሩ ጀርባ።

«ማክሰኞ ስትመጣ ጆሮህን ስቆርጥ አደርገዋለሁ» አሉ ሳይዞሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በሳምንቱ ቀናት የሰፈሩን ፀጉር የሚቆርጡት እሳቸው ናቸውና በጃቸው ያላለፈ ጭንቅላት የለም።

ዊልኪን አልሳቀም። ጥርሱን ነክሶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሦስት ኳስ አከታትሎ ወረወረ። መቺው ሦስቱንም አየር መትቶ በሦስት ስትራይክ ከጨዋታ ወጣ። ሦስተኛው የወጣ ሰው ስለሆነ ዙሩም አለቀ።

ከአጥሩ ውጪ፣ ከማንጎው ሥር የተቀመጠው ባለ ባርኔጣ ሰውዬ በእጁ የያዘውን የኳስ ፍጥነት መለኪያ አየና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ለትልልቅ ቡድኖች ልጅ የሚመርጥ መልማይ ነው። ከዋና ከተማው ድረስ የመጣው ዊልኪንን ሊያይ ነው። መለኪያው ፀጉር ማድረቂያ ይመስላል፤ ልጆቹ «ሽጉጧ» ይሏታል። ሽጉጧ በሰዓት ዘጠና ማይል ካነበበች የወርዋሪው ስም ይያዛል። ሰባ ካነበበች ሰውዬው ለስላሳውን ይጠጣል። ዊልኪን ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ዘጠና ይወረውራል፣ ይህንንም እሱም ሰፈሩም አሳምሮ ያውቃል።

«ስንት አለች?» አለ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳለ።

«ዘጠና አንድ» አለ ራዳሜስ የፊት መከላከያውን እያወለቀ። «ግን እየተሸነፍን ነው፣ ጀለሴ። እሷን ሽጉጧ አትቆጥርልህም።»

«እኔ ምን ላድርግ? ሰውዬው ጠርዝ የሚባል ነገር አያውቁም።»

«ፀጉር ሲቆርጡስ ያው አይደሉ? ባለፈው አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጠው የግራና የቀኝ ጆሮዬን ሲያስተያዩ ነበር። በመጨረሻ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ጥፋቱ የጆሮህ ነው አሉኝ።» ውሃ ተጎነጨና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ቅድም ሰሌዳውን ሲጠርጉ አንድ ነገር ብለውኛል። ኳሷ ጥሩ ከሆነች ለምን ትጎትታታለህ አሉኝ።»

«ሁሉም ያዢ ይጎትታል እኮ።»

«እሱን ነው የምልህ። እሳቸው ጓንቴ ከተነቃነቀ ላታልላቸው የፈለግኩ ይመስላቸዋል። በጎተትኩ ቁጥር ውጪ ይላሉ።»

አሰልጣኙ ባልቢኖ ይህን ሲሰማ መጥቶ ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። በጣቱ መሬቱ ላይ ትልቅ አራት ማዕዘን ሠራ። «ይሄ ደንቡ የሚለው መስኮት ነው። ከጉልበት እስከ ደረት፣ በሰሌዳው ስፋት። በዚህ ያለፈች ሁሉ ስትራይክ ናት።» ከዚያ ውስጡ ትንሽ ሌላ ሠራ። «ይቺ የዶን ኤሊሂዮ መስኮት ናት። የጫማ ካርቶን ታህላለች። ጠርዝ አይሰጡም፣ ታች አይሰጡም። አልሰጥም ካሉ አልሰጥም ነው፤ አትለምናቸው።»

«ታዲያስ?»

«ካርቶኗ ውስጥ ወርውር።»

«ኮች፣ በሙሉ ኃይሌ ስወረውር ኳሷ ስንዝር ወዲያ ወይ ስንዝር ወዲህ መሄዷ አይቀርም። ካርቶን ውስጥ በየት በኩል ትገባለች?»

«እሱን እያልኩህ እኮ ነው። ኃይሉን ቀንስ። ዘገምተኛዋን ወርውር። ይምቱ። ከኋላህ የተመታችውን የሚለቅም ሰባት ልጅ ቆሟል።»

የዊልኪን ዓይን ወደ ማንጎው ሄደ። ባልቢኖም ወዴት እንዳየ አየ። ዘገምተኛዋን ሽጉጧ ሰባ አራት፣ ሰባ አምስት ነው የምታነባት።

«የምትወረውረው አንተ ነህ» አለና ባልቢኖ ተነስቶ ሄደ።

በዚህ ጊዜ የአክስቱ ልጅ ኔልፊ መጥቶ ትከሻውን ገፋ አደረገው። ኔልፊ ቦታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል ነው። ቁመቱ አጭር ነው፣ ምላሱ ግን ረጅም ነው። «አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለ። ዊልኪንን «አጎቴ» የሚለው ሊያበሽቀው ሲፈልግ ነው። «እኔ ለምንድነው እዚያ የቆምኩት? ሦስት ዙር ሙሉ አንድም ኳስ አልመጣችልኝም። አንተ ውጪ፣ አንተ ስትራይክ፣ አንተ ውጪ። ወፎቹ ጠጋ ብለው ሰላም ብለውኛል፤ እንጨት መስያቸው።»

«ዝም በል አቦ።»

«ዝም እላለሁ። ይሄን ጨዋታ ያሸነፈ ዋና ከተማ ሄዶ እንደሚጫወት ግን አትርሳ። አንተ በዚህ ሰውዬ በኩል ትሄድ ይሆናል። እኛ የምንሄደው በዚህ ጨዋታ ብቻ ነው።»

ይህቺን ሲል አልቀለደም። ዊልኪን ተነስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። እናቱ ከቅዳሴ እንደወጣች፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ሳትቀይር፣ በሽቦው ቀዳዳ ውሃ ይዛለት ቆማለች።

«ጠጣ» አለችው። «ፊትህ ለምን እንዲህ ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። እማ፣ ዛሬ ጸልየሽልኛል?»

«መቼ አልጸለይኩልህ አውቃለሁ?»

«ምን ብለሽ?»

«ክንድህን ይጠብቅልህ አልኩት። ልብ ይስጥህ አልኩት።»

«ዘጠና አላልሽም?»

ዶኛ ሚላግሮስ ልጇን ትክ ብላ አየችው። «ለእግዚአብሔር ቁጥር አልጠራለትም፣ የኔ ልጅ። የሚሰጠውን እሱ ያውቃል» አለችና ባዶውን ጠርሙስ ተቀበለችው። «ዶን ኤሊሂዮን ደግሞ እንዲያ እጅህን አትዘርጋባቸው። ሼም ነው። ክርስትና ስትነሳ ቆመው ነበር።»

ዊልኪን እዚያው አጥሩን ተደግፎ የራሱን ቡድን መቺዎች ማየት ጀመረ። የወደቡ ወርዋሪ ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው። ጠርዝ ላይ የምታምር ኳስ ወረወረ። «ውጪ» አሉ ዶን ኤሊሂዮ። ልጁ ጭንቅላቱን ያዘ። እንደገና እዚያው ጠርዝ ላይ ወረወረ። «ውጪ።» ዊልኪን ሳያውቀው ፈገግ አለ። እሱን ጠልተውት አይደለም ለካ። መስኮቷ ለሁሉም አንድ ናት። ጠባብ ናት፣ ግን አንዴም ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። እንዲህ የማይነቃነቅ ነገር ደግሞ ሰው ሊለምደው ይችላል። የወደቡም ልጅ ሁለት ሰው በነፃ አሳለፈ፣ ከዚያ ራዳሜስ መሃል የመጣችለትን መትቶ ሁለቱንም አስገባ። ሦስት ለሁለት። የፋብሪካው ሰፈር መምራት ጀመረ።

ሌላም ነገር አየ። የወደቡ አሰልጣኝ ለልጆቹ «ዱላችሁን ትከሻችሁ ላይ አድርጉ፣ አትምቱ፣ በነፃ ትሄዳላችሁ» ሲል ሰምቶታል። እነሱም ሦስት ዙር ሙሉ፣ ቅድም አየር ከመታው በቀር፣ የታዘዙትን አድርገዋል። ግን ሊመታ የገባ ሁሉ፣ ቦታውን ከመያዙ በፊት በጎን ዓይኑ ወደ ማንጎው ያያል። አንዱ ባርኔጣውን አስተካክሏል። ሌላው እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን አሳይቷል። በነፃ ተራምዶ የተመለመለ ልጅ ግን እዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። እነዚህ ልጆች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያደረጉት እያማቸው ነው።

ዊልኪን ይህን በደንብ ያውቀዋል። እሱንም ያመዋል።

አራተኛው ዙር ሲጀመር ወደ ጉብታው ከመውጣቱ በፊት በዳኛው በኩል ዞረ።

«ዶን ኤሊሂዮ፣ ቅድም እጄን…»

«ጨዋታህን ተጫወት» አሉ ፊታቸውን ወደ ሌላ አድርገው። ከዚያ «ሐሙስ ብቅ በል፤ ፀጉርህ አድጓል» አሉት።

ጉብታው ላይ ሆኖ አማተበ። ራዳሜስ ከጭኖቹ መሃል ጣቱን እያሳየ ምልክት ይሰጣል፤ አንድ ጣት ከሆነ ፈጣኗ፣ አራት ከሆነ ዘገምተኛዋ። አራት ጣት አሳየው። ዊልኪን ኳሷን፣ ዘገምተኛዋ እንደምትያዘው፣ ወደ መዳፉ ጥልቅ አድርጎ ያዛት። ክንዱ በሙሉ ፍጥነት ሄደ፣ ኳሷ ግን ቀስ ብላ ሄደች። መሃል ለመሃል ገባች። ራዳሜስ ጓንቱን አላነቃነቀም፤ እንደ ድንጋይ ያዛት።

«ስትራይክ» አሉ ዶን ኤሊሂዮ።

መቺው ዞሮ አያቸው። ከዚያ ወደ ማንጎው አየ። እንዲህ ያለች ሰፊ፣ ሰነፍ ኳስ ሰውዬው ፊት ዝም ብሎ ማሳለፉ አንገበገበው። ሁለተኛዋ ስትመጣ አልቻለም፤ ዱላውን በሙሉ ጉልበቱ ሰነዘረ። ግን ቸኩሎ ነበር። ኳሷ አልደረሰችም። የዱላውን ጫፍ ነክታ መሬት ለመሬት ወደ ኔልፊ ተንከባለለች፣ ኔልፊም ዝቅ ብሎ አፍሶ መቺው ሳይደርስ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ላካት። መቺው ወጣ።

«ወፎቹን ተሰናበትኳቸው» ብሎ ጮኸ ኔልፊ።

ከማንጎው ሥር መልማዩ ሽጉጧን አየ። መታ መታ አደረጋት። ባትሪዋን አውጥቶ መልሶ ከተተ። ራዳሜስ ይህን አይቶ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ዊልኪንም ሳቀ። ሁለተኛው መቺ ወደ ሰማይ አጓናት፣ መሬት ሳትነካ ተያዘች፤ እሱም ወጣ። ሦስተኛው መሬት ለመሬት ለኔልፊ ላካት። በስድስት ኳስ ዙሩ አለቀ።

አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም እንዲሁ ሆነ። የወደቡ አሰልጣኝ «አትምቱ አላልኳችሁም?» እያለ ድምፁ ተዘጋ። እነሱም «እሺ» ይሉና፣ መሃል ላይ የምትንሳፈፈውን ሲያዩ ሁሉንም ይረሱታል። ዊልኪን እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። ጡንቻው ሳይሆን ጭንቅላቱ ነው የደከመው፣ ደስ የሚል ድካም ነው። አንዱን ያዘገያል፣ ለሌላው ትንሽ ጨመር ያደርጋል፣ መልሶ ያዘገያል። ከካርቶኗ ግን አይወጣም። ስድስተኛው ሲያልቅ መልማዩ ሽጉጧን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ፍሪዮ ፍሪዮ የሚሉትን ጣፋጭ የተፈጨ በረዶ ገዝቶ እየመጠጠ ነበር። ዊልኪን ይህንንም አየ። አላየሁም ቢል ውሸት ነው።

ሰባተኛው፣ የመጨረሻው ዙር። ሁለት ሰው ወጣ። አንድ ብቻ ቀረ። ከዚያ አንዱ ልጅ ደካማ ምት መታና ኳሷ ማንም የማይደርስባት ባዶ ቦታ ላይ ወደቀች። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ሦስተኛው ደግሞ ቀላል ኳስ ለኔልፊ ላከ፤ ኔልፊ ዝቅ አለ፣ ኳሷ ከጓንቱ ነጥራ ደረቱን መታችውና ከእግሩ ሥር ወደቀች። ሲያነሳት ጊዜው አልፏል። ቤዞቹ ሞሉ።

ኔልፊ መሬቱን በጫማው እየጫረ ቀና አላለም። ያ ሁሉ ምላሱ የት እንደገባ እንጃ።

ሊመታ የገባው ፍራንኬሊ ነው። የወደቡ ትልቁ ልጅ፣ ትከሻው የበር ስፋት ያለው። ሲገባ ወደ ማንጎው አየ። መልማዩም ፍሪዮ ፍሪዮውን አስቀምጦ፣ ተነስቶ ሽጉጧን ከቦርሳው አወጣ። አጥሩ ድረስ ጠጋ አለ። ሁለት ትልልቅ ልጆች ሲገጥሙ ማየት ፈልጓል።

ዘገምተኛዋ፣ ስትራይክ። ዘገምተኛዋ፣ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ውጪ። ሦስተኛዋን ፍራንኬሊ መትቶ ከመስመሩ ውጪ አወጣት፤ ሁለተኛ ስትራይክ ሆነች። ከዚያ ዊልኪን ራሱን መያዝ አቃተው። ራዳሜስ አራት ጣት ሲያሳየው እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ጣት ሲያሳየው እሺ አለ። ባለ በሌለ ኃይሉ ለቀቃት። አየሩ ፉጨት አወጣ። ጠርዝ ላይ ነበረች፤ ሌላ ዳኛ ቢሆን ጨዋታው እዚያ ላይ ባለቀ።

«ውጪ» አሉ ዶን ኤሊሂዮ።

«ዘጠና ሁለት» አለ አንድ ሰው ከአጥሩ ጀርባ፤ ወሬው እንደ ነፋስ ሜዳውን ዞረ። ዊልኪን ሰማው። ደገማት። ይህችኛዋ ዝቅ ብላ ሄደች፤ «ውጪ።» አሁን ሦስት ውጪ፣ ሁለት ስትራይክ። አንድ ውጪ ከተጨመረ ፍራንኬሊ በነፃ ሄዶ ነጥቡ እኩል ይሆናል። አንድ ስትራይክ ከተጨመረ አለቀ።

ራዳሜስ ጊዜ ጠይቆ ወደ ጉብታው መጣ። አፉን በጓንቱ ሸፍኖ፣ «ሰውዬው ሽጉጧን ከፍ አድርጎ ይዟታል» አለ። «ፈጣኗን መጣል ከፈለግክ እኔ መሃል ላይ ቁጭ እልልሃለሁ። ያንተ ቀን ነው፣ ወንድሜ። ከገባች ሁለቱንም ታገኛለህ። እኔ ምንም አልልህም።»

«ካልገባችስ?»

ራዳሜስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ወይ ደግሞ ዘገምተኛዋ አለች። ግን ይመታታል። ይህን ልጅ አታውቀውም እንዴ፣ ምን ጊዜም ወደ ኔልፊ ነው የሚመታው። ኔልፊን ደግሞ እየው።»

ዊልኪን ዞሮ አየው። ኔልፊ አሁንም መሬት መሬት ያያል። እጁን ጭኑ ላይ እየጠረገ ነው። ከኋላው የሸንኮራው ማሳ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል።

«ሂድ ተቀመጥ» አለው ራዳሜስን።

«ምኑን?»

«ሂድ፣ ምልክት ስጠኝ።»

ራዳሜስ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። አንድ ጣት አሳየው። ለጓደኛው ብሎ ነው ያሳየው፣ ዊልኪንም ገባው። እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ራዳሜስ ያላየ መስሎ ያችኑ አንድ ጣት ደገማት። ዊልኪን እንደገና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከጉብታው ወረደ፤ ዶን ኤሊሂዮም ጠበቁት፣ አላጣደፉትም።

«ኔልፊ» ብሎ ጠራው።

ኔልፊ ቀና አለ።

«የምትቀጥለው ያንተ ናት።»

ኔልፊ ቀልድ የፈለገ ይመስል ነበር፣ ግን አላገኘም። ጓንቱን በቡጢው ሁለት ጊዜ መታና ጎንበስ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ጠጋ።

ዊልኪን ወደ ቦታው ተመለሰ። አማተበ። ኳሷን ጓንቱ ውስጥ ደብቆ፣ ማንም ሳያይበት፣ ወደ መዳፉ ጥልቅ አድርጎ ገፋት።